ሥጋ ያልገባበት ማዕድ

የኔነሽ ብሩ በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደችው የጎመን ቅጠል ልትለምን ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ደሴ ውስጥ ባንድ ትምህርት ቤት ባልትና ታስተምራለች። ዘመኑ ክፉ ነበር። ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከወረባቦ፣ ከኩታበር፣ ከየቆላው የተነቀለው ሕዝብ ኮምቦልቻ ዳርቻ በተተከለ መጠለያ ውስጥ ፈስሷል። መምህራኑ በየቅዳሜው ተራ ገብተው እየወረዱ ለሕፃናቱ ገንፎ ያገነፋሉ። እህሉ በእርዳታ ይመጣል፤ ከእህል ሌላ ግን ምንም የለም። የልጆቹ ድድ መድማት፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ዓይናቸው አላይ ማለት ሲጀምር ነርሷ የኔነሽን ለብቻዋ ጠርታ፣ ካሮትና ቅጠላ ቅጠል ካልተገኘ እነዚህ ልጆች ከረኃቡ ቢተርፉ እንኳ ዕውር ሆነው ነው የሚተርፉት አለቻት።

አትክልት በቦርከና ዳር ይበቅላል። የሚበሉት ግን ፋብሪካ ሊያቆሙ የመጡት የውጭ ባለሙያዎች ናቸው። የኔነሽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከትምህርት ቤቷ ይዛ ወደ ማረፊያቸው ሄደች። ደብዳቤው የሚለምነው የሚጣለውን ብቻ ነበር፦ የጥቅል ጎመኑን የላይ ቅጠል፣ የካሮቱን ጫፍ፣ የድንቹን ልጣጭ። የማረፊያው ኃላፊ ደብዳቤውን አንብቦ ሳቅ አለና ወደ ወጥ ቤቱ አመለከታት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያገኘችው ሰው ሙሄዲን ይባላል። የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። የወጥ ሥራውን ጅማሮ ያገኘው ከጣሊያን ጊዜ ከቀሩ አንድ ሽማግሌ አብሳይ ነው፤ የቀረውን ከእንግዶቹ ለቀመው። ቡልጋሮቹ፣ ጀርመኖቹ፣ ጣሊያኖቹ እያንዳንዳቸው ያገራቸው ጣዕም ይናፍቃቸው ነበርና፣ ምጣዱ አጠገብ እየቆሙ በምልክት ሲነግሩት ይሞክራል፤ ሲሳሳት ይስቁበታል፤ እሱም እንደገና ይሞክራል። ከሁሉ የከበደው ከተወለደ ጀምሮ ሥጋም እንቁላልም ቀምሶ የማያውቅ አንድ ህንዳዊ መሐንዲስ ነበር። ለሱ ሲል ሙሄዲን ጎመንን በሃያ ዓይነት መሥራት ተማረ።

ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ለስንት ሕፃን እንደሆነ ጠየቃት። ለሦስት መቶ አርባ ነው አለችው። ደብዳቤውን አጥፎ መለሰላት።

«እዚህ የሚጣል የለም መምህርት» አላት። «የቀይ ሥሩን ቅጠል እንደ ቆስጣ ይሥሩት። የአበባ ጎመኑን ግንድ ይላጡና በስሱ ይክተፉት፣ ከፍሬው ይጣፍጣል። የካሮቱን ጫፍ ይተዉልኝ፤ እኔ ካሮቱን ራሱን እሰጥዎታለሁ፤ ጫፉን ለፈረንጆቹ ሾርባ አደርገዋለሁ። አያውቁትም።»

ሁለት ጆንያ ሞልቶ ሰጣት። ከዚያ ከመሄዷ በፊት በትንሽ ሳህን ድንችና አበባ ጎመን በእርድና በከሙን የተሠራ አቀረበላት። የነቢያት ጾም የገባ ሰሞን ነበርና የኔነሽ ሳህኑን እያየች አመነታች። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አይቶ ነገሩ ገባው።

«ሥጋ የለበትም፤ ቅቤ የለበትም፤ እንቁላል የለበትም» አላት። «የህንዱ ነው። እሱም እንደናንተ ይጾማል፤ የሱ ጾም ግን አይፈታም።»

የኔነሽ ሳቀች። መጠለያውን ካየችበት ቀን ወዲህ መሳቋ የመጀመሪያዋ ነበርና ወዲያው አፈረች። ቀና ስትል ዓይኖቹ እላይዋ ላይ ነበሩ፤ ወዲያው ወደ ድስቱ መለሳቸው። ጆንያዎቹን አስጭና ስትሄድ ግን መንገዱን ሁሉ የተሸከመችው ያንን እይታ ነበር።

ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያኑ ያልተጋራው ነገር ጥቂት ነው። ለቅሶ ባንድ ይደረሳል፣ ስም ይወራረሳል፣ ዱዓውም ጸሎቱም ባንድ ደጅ ይሰማል። ገበታው ለሁለት የሚከፈለው ቢላዋ ሲነሣ ብቻ ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሙሄዲን ግን በየቅዳሜው የሚያቀርብላት ሳህን ላይ ቢላዋ ከሽንኩርት ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሁለቱ ባንድ ሳህን ሲበሉ ማንም አላስተዋለም፤ እነሱም መጀመሪያ ላይ አላስተዋሉትም።

ቅዳሜ የራቀባቸው ጊዜ መጻጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ከኮምቦልቻ ደሴ አውቶብስ የሚነዳው ሸረፈዲን ነው፤ አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ከሙሄዲን ጋር ያገር ልጅ የሆነ ቁምነገረኛ ሰው። እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ምግብ ነበር። ቡልጋሮች ትልቁን ቃሪያ ጠብሰው ልጠው እንዴት በነጭ ሽንኩርት እንደሚያሹት፣ ጀርመኖች ጥቅል ጎመንን በጨው አሽተው በርሜል ውስጥ እስኪኮመጥጥ እንዴት እንደሚያከርሙት ይጽፍላታል። እሷም የትኛውን ለተማሪዎቿ እንዳስተማረች፣ የትኛውን መጠለያው ውስጥ ልጆቹ ደግመው እንደጠየቁ ትመልስለታለች። ስንት ልጅ እንደሞተም ትጽፍለታለች፤ ይህን ለሌላ ሰው መናገር አትችልም ነበር።

በጥር ወር አንድ ደብዳቤ መጣ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደብተር ከልላ አነበበችው።

«ዛሬ ጣሊያኑ ያን ሐምራዊውን ደበርጃን አዘዘኝ። ደበርጃን ተከትፎ ጨው ካልተነሰነሰበት፣ መራራ እንባውንም ካላፈሰሰ አይጣፍጥም። ከዚያ በዘይት ይጠበስና በቲማቲም መሀል ይደረደራል። ይህን የምጽፍልሽ ስለ ደበርጃን ብቻ አይደለም። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያለው ቀን ጨው ሆኖብኛል።»

«አንቺ» ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስሟን ግን አሁንም አልጻፈም፤ አፉን ሞልቶም ጠርቷት አያውቅም። ሁልጊዜ «መምህርት» ነው የሚላት። የኔነሽ ብሎ መጥራት የልቡን እንደ መናገር ሆኖበት እንደነበር ያወቀችው ኋላ ነው። ያን ቀን ደብተሩን ከደነችው፤ ደወል ሲደወል ደብዳቤውን ደብተሩ ውስጥ እንደያዘች ወደ ክፍል ገባች።

የየኔነሽ አባት ቄስ ብሩ ሰኞ ገበያ አካባቢ የታወቁ ካህን ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ልጃቸውን ያስተማሩት ጥጥ ፈትለው ነው። በየካቲት ሸረፈዲን ሌላ ሽማግሌ ጨምሮ ለሙሄዲን ልጃቸውን ሊጠይቅ ደጃቸው ሲቀርብ፣ መጀመሪያ የተቆጡት እናቷ ነበሩ። ልጄ መምህርት ናት፣ ለወንድ ወጥ ሠሪ አልሰጥም አሉ። የፈረንጅ ድስት የሚያማስል ሰው ነገ ፈረንጁ ሲሄድ ምን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። 

ቄስ ብሩ ግን ዝግ ብለው ነበር የተናገሩት። የወሎ ሰው ነኝ፣ እስላም ዘመድ ሞልቶኛል አሉ። ልጁ ማተቧን እንድትበጥስ እንዳልጠየቀ፣ እሱም ከሃይማኖቱ እንደማይወጣ ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነተኛነቱን ያሳየኛል፤ እኔ ግን ካህን ነኝ፤ ይህን ባደርግ ከአገልግሎት ሊያግዱኝ ይችላሉ አሉ። ከዚያ ሌላም ጥያቄ ነበራቸው።

«በዓል ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው?» አሉ። «ባል በጓዳ፣ ሚስት በሳሎን? አንድ ቤት ሁለት ድስት ከሆነ ትዳር አይደለም፤ ጉርብትና ነው።»

ይህን ሸረፈዲን ወስዶ ለሙሄዲን ነገረው። ሙሄዲን በሦስተኛው ቀን መልስ ላከ። ቤቴ ሥጋ አይገባም አለ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዕድሜውን ያለ ሥጋ የሚጨርስበት አገር እንዳለ ከህንዱ ተምሬያለሁ፤ አባ ብሩ አንድ ቀን ይፍቀዱልኝና በጾሙ እሁድ ደጃቸው መጥቼ ላብላቸው፤ በልተው ይህ ለትዳር አይበቃም ካሉ እተዋለሁ አለ። ቄስ ብሩ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ለመጋቢት አጋማሽ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ አሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። የኔነሽ ሜዳ ላይ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ትሮጥ ነበር፤ ቤት ውስጥ ስለሆነች ግን የቆመ ውኃ አንሥታ ደጅ ደፋች።

ያ እሁድ ሦስት ቀን ሲቀረው ደብዳቤ ደረሳት። ከወትሮው አጭር ነበር፤ ምግብም አልተጻፈበትም።

«የደበቅኩሽ ነገር አለ። እሁድ በአባትሽ ፊት እነግርሻለሁ። ከሰማሽ በኋላ አልፈልግህም ብትይኝ አልቀየምም።»

የኔነሽ ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አነበበችው። አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ አባይነሽ ጠይቃት ስታሳያት፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ቢስቲማ ሚስት አለችው ማለት ነው አለቻት። የኔነሽ አይደለም አለች፤ ቅዳሜ ግን ወደ ኮምቦልቻ ሳትወርድ ቀረች። ሦስቱን ቀን የማታውቃት ሴት በሐሳቧ ልጅ አዝላ፣ ውኃ ቀድታ፣ ደጅ ቆማ ስትጠብቀው አደረች ዋለች።

እሁድ ቄስ ብሩ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጩን ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ጎረቤት ሁለት ሽማግሌ ተጠርቷል። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ሰባት ሰዓት አለፈ። ሙሄዲን አልመጣም፤ ሸረፈዲንም አልመጣም። ስምንት ሰዓት ሲሆን አንደኛው ሽማግሌ ሰዓቱን እያየ ተነሣ፤ ሁለተኛው ተከተለው። ወይዘሮ አልጣሽ ባዶውን ገበታ አንሥተው ለራሳቸው የሽሮ ድስት ጣዱ። የኔነሽን ከስድብ ይልቅ ያቆሰላት ያ የድስቱ ድምፅ ነበር። ሴትዮዋ አለች ማለት ነው አለች በልቧ፤ እሷ ዘንድ ሄዷል። ደብዳቤዎቹን ከሣጥን አውጥታ ወደ ምድጃው ወሰደቻቸው። ግን እጇ መልቀቅ አልቻለም፤ እንደያዘቻቸው እሳቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ቀረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶብስ ደጃቸው ቆመ። ሸረፈዲን ነበር፤ ፊቱ አቧራ ለብሷል፤ ለመቀመጥም አልፈለገም።

«አባ፣ አይጠብቁት» አለ። «ልጁ አይመጣም። መንግሥት ያዘዘው የሰፈራ ስም ዝርዝር ወጥቶ እናቱና የሟች ወንድሙ ልጅ ገብተውበታል። ዛሬ ማታ ወደ ጎጃም፣ መተከል ይጫናሉ። እኔም ታዝዣለሁ፤ ነዳጅ ልሞላ ነው የመጣሁት። ልተካቸው ቢል ዝርዝሩ ተዘግቷል አሉት። እንግዲያውስ አብሬ እጻፋለሁ ብሎ ትናንት ተሰፋሪው በተከበበበት ገመድ ውስጥ ገባ። ከገባ በኋላ መውጣት የለም።»

የኔነሽ ከምድጃው ፊት ተነሣች። ቄስ ብሩ መቋሚያቸውን አነሡ። ወዴት ነው አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። ቄሱ ጫማቸውን አጠለቁና ልጃቸውን ቀድመው አውቶብሱ ላይ ወጡ።

ኮምቦልቻ፣ መጠለያው አጠገብ ያለው ሜዳ በገመድ ታጥሯል። አውቶብሶች በረድፍ ቆመዋል፤ ባንገቱ ካርድ ያንጠለጠለ ሕዝብ መሬት ላይ በመስመር ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያ የያዘ ካድሬ ስለ ለም መሬትና ስለ አዲስ ሕይወት ይናገራል፤ የሚያዳምጠው አልነበረም። ሸረፈዲን ሹፌርነቱን አሳይቶ አሳለፋቸው።

ሙሄዲንን ያገኙት በሦስተኛው ረድፍ ነው። አንዲት አሮጊት ደረቱ ላይ ተደግፈዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ለይላ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ከጎኑ በጨርቅ የታሰሩ አምስት ድስቶች አሉ። የኔነሽን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ የአሮጊቷ ራስ እንዳይወድቅ ብሎ ተወው።

የኔነሽ አሮጊቷን አየች። ታውቃቸዋለች። በየቅዳሜው ለልጅ ልጄ ሳላጎርስ እህል አላነሣም የሚሉት፣ ከየካቲት ጀምሮ ሲደክሙ በገዛ እጇ የተፈጨ ካሮት በማንኪያ ያጎረሰቻቸው፣ «አላህ ያክብርሽ» እያሉ የሚመርቋት እማማ መዲና ናቸው።

«እናቴ ናት» አለ ሙሄዲን። «የደበቅኩሽ ይህን ነው። ከጥር ጀምሮ እዚህ ነበረች። የምኖረው የፈረንጆቹ ግቢ ውስጥ ነው፤ እናትህን አስገባ የሚለኝ የለም። ቤት ስፈልግ ነበር፤ ነገ ሰኞ ላወጣቸው ነበር።»

«በእጄ እያጎረስኳቸው ለምን ዝም አልከኝ?»

«ፈራሁ። የተራበች እናቱን ሊያስጠጋ ነው ልጄን የፈለገው ይላሉ ብዬ አባትሽን ፈራሁ። ደግሞ አፈርኩ። እሷ ለገንፎ ትሰለፋለች፤ እኔ እዚያ ለአሥር ፈረንጅ ቃሪያ በሩዝ እሞላለሁ። ማታ ስመጣ ያቺ የደሴ ልጅ ዛሬም አጎረሰችኝ ትለኛለች። ምን ልበል?»

የኔነሽ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠላት የኖረችው ሴት ፊቷ ነበረች፤ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ በግማሽ ጠፍቷል። አፍራ ጎንበስ አለችና የአሮጊቷን እጅ ሳመች።

ቄስ ብሩ እስካሁን ቆመው ነበር። ሙሄዲን ቀና ብሎ፣ ቤትዎን አዋረድኩ፣ ይቅር ይበሉኝ አላቸው። ቄሱ ድስቶቹን ጠቆሙና ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ለርስዎ የሠራሁት ነው አላቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሠርቼ፣ እናቴ አስቀድማ ትቅመስልኝ ብዬ ይዤ መጣሁ፣ ከዚያ መውጣት አቃተኝ።

ቄስ ብሩ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙ፤ ነጩን ጋቢያቸውን ሰብስበው አቧራው ላይ ተቀመጡ።

«ፍታው» አሉ። «ተጠሪው መጥቻለሁ።»

ሙሄዲን ጨርቁን ፈታ።  እማማ መዲና የቄሱን ድምፅ ሰምተው ራሳቸውን ከደረቱ ቀና አደረጉ።

«ልጄ» አሉ በቀጭኑ፣ «አባ ጾም ላይ ናቸው። የገባበት ነገር የለም?»

«የለም እማ። ምንም አልገባበትም።»

«ኧረ ደግ አደረግህ።»

 እርስዎ ይቅደሙ እናቴ አሏቸው ቄስ ብሩ። እሳቸው በስመ አብ ሲሉ አሮጊቷ ቢስሚላህ አሉ፤ ሁለቱም ባንድ ድስት እጃቸውን አገቡ። በሩዝ የተሞላ ቃሪያ ነበር። ቀጥሎ በቲማቲም የተደረደረው ደበርጃን፣ ቀጥሎ ባሚያ በድንብላልና በሎሚ፣ ቀጥሎ የኮመጠጠው ጥቅል ጎመን፣ መጨረሻ ቢጫው ድንች በአበባ ጎመን። ሙሄዲን እያንዳንዱን ሲከፍት ከየት አገር እንደሆነ ለለይላ ይነግራታል። ልጅቷ እያላመጠች፣ አጎቴ፣ የምንሄድበትስ ከነዚህ ካንዱ አገር ነው ብላ ጠየቀችው። የኛው አገር ነው አላት። ከፊታቸው ከተቀመጡት ረድፎች ራሶች ዞሩ፤ የኔነሽ ድስቱን እያነሣች ለሕፃናቱ በእጇ ታድል ጀመር። ጥቂት ነበር፤ ግማሹ ረድፍ ሳይደርስ አለቀ።

ቄስ ብሩ እጃቸውን ጠረጉ።

«ለትዳር ይበቃል» አሉ። «ነገ ይህን ያየ ሰው የሚለኝን አውቃለሁ፤ ይበለኝ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል ግን ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

«አባ፣ ወደማላውቀው ምድር ነው የምሄደው። እርስዎ ያከበሩኝን ወስጄ በረሃ አልጥልም። አልቀበልም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች የኔነሽ። ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ድምፅዋ ይፈርስ ነበር። «ስትደብቅም ለብቻህ፣ ስትሄድም ለብቻህ፣ ስትተወኝም ለብቻህ።»

ድምፅ ማጉያው ሦስተኛው ረድፍ ይነሣ አለ። ሰው ሁሉ ባንዴ ቆመ። ሙሄዲን እናቱን አንሥቶ አዘላቸው፤ የለይላን እጅ ያዘ። ከዚያ ወደሷ ዞሮ ዓይኖቿን እያየ፣ ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቀን አውጥቶት የማያውቀውን ስሟን ጠራ።

«የኔነሽ፣ አትጠብቂኝ።»

የመጀመሪያው ቃል የሰጣትን ሁለተኛው ነጠቃት። አውቶብሱ ሲዞር በመስኮቱ ውስጥ የብዙ ሰው ፊት ነበር፤ የሱን ለይታ ማየት አልቻለችም። አባቷ ክንዷን ይዘው ቆመዋል። አቧራው ተኝቶ ሜዳው ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ ከቆመችበት አልሄደችም፤ ያሳለፈችው ዕድሜ በሙሉ ለዚያች አንዲት ሰዓት መዘጋጃ ሆኖ ሰዓቷም ያለፈች መስሏት ነበር።

መልእክት የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ፖስታ አላመጣውም። ከሰፈራው ጠፍቶ በእግሩ አባይን ተሻግሮ የተመለሰ የሱፍ የሚባል የወረባቦ ሰው ለሸረፈዲን ሰጠው፤ ሸረፈዲን ለየኔነሽ። ወረቀቱ በላብ ወይቧል። ከአባቷ ጎን ቁጭ ብላ አነበበችው።

«የኔነሽ፣ እማን በሰኔ ቀበርናት። ወባ ነው። እስከ መጨረሻዋ ቀን የደሴዋ ልጅ ደኅና ናት ወይ ስትል ነበር። ለይላ አለች። ሰው በየቀኑ እንቀብራለን፤ እኔንም ወባው ሁለት ጊዜ ይዞ ለቀቀኝ። መሬቱ ባዶ ነው ብለውን ነበር፤ ባዶ አይደለም፤ ጉሙዞች ይኖሩበታል፤ መጀመሪያ እኛም ፈራናቸው እነሱም ፈሩን። ለይላ እህል አልወስድ ስትል ግን አንዲት የጉሙዝ እናት ባሚያ ቀጥቅጣ አምጥታ አጠጣቻት። ኋላ ደግሞ የቀርከሃ ቡቃያ አሳየችኝ። ገና ከመሬት ብቅ ሲል ይቆረጣል፤ ይላጣል፤ ውኃው ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደፋ ይቀቀላል፤ ካልሆነ ይመራል። የቡልጋሩን የህንዱን አውቃለሁ እያልኩ በገዛ አገሬ ይህ መኖሩን አላውቅም ነበር። አሁን ለጎረቤቶቻችን እያስተማርኩ ነው፤ የሚበላው ባጠገቡ እያለ የሚሞት ሰው እንዳይኖር። ነይ አልልሽም። አትምጪ ለማለት ግን እንደ ሜዳው ቀን አቅም የለኝም።»

የኔነሽ ወረቀቱን አጠፈችው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ለሰፈራ ጣቢያዎች በፈቃዱ የሚዘምት መምህር እንዲመዘገብ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወር አልፎታል፤ ማንም አልተመዘገበም።

ወይዘሮ አልጣሽ ልትመዘገብ መሆኗን በሰሙ ጊዜ አልቅሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰው እየሸሸው የሚመጣውን አገር ልጄ ወዳ ትሄዳለች ወይ አሉ። ደግሞስ ምን ተብላ፤ በየትኛው ሠርግ፤ ማን አየ አሉ። ቄስ ብሩ በዚያ ወራት ከቅዳሴ ታግደው ነበር፤ ቤት ውለው ዳዊት ነበር የሚደግሙት። መጽሐፉን ዘጉ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «የልጄን ሠርግ በልቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ እናቷ አልተከራከሩም። ሌሊት ሌሊት ግን ሲያለቅሱ ትሰማቸው ነበር።

በሳምንቱ ሰኞ አባትና ልጅ አብረው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የመዝገቡ ሠራተኛ ቅጹን ሰጣትና፣ እህቴ፣ ስለ ወባው ሰምተሻል ወይ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ሰምቻለሁ አለች። ቅጹ ላይ መተከል ብላ ሞልታ ፈረመች። ሰውየው ፊርማዋን አየና ማኅተሙን መታው።

ሲወጡ ካፊያ ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። የኔነሽ ደረጃው ላይ ቆመች። ፍርሃት ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ፍርሃቱም መጥቶ ነበር፤ ግን ብቻውን አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ አራት ወር ሙሉ የቀረበላትን የምትውጠው እናቷ እንዳይጨነቁ ብላ ነበር፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። አሁን ከወዲያ ማዶ ካለ ቤት የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ መጣና ምራቋን ዋጠች።

«አባባ» አለች፣ «ራበኝ።»

ቄስ ብሩ ልጃቸውን አዩ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ፤ ዝናቡ ግን ያን ያህል የሚያስከናንብ አልነበረም።